ፍሪጁ ሲቆም ማን ይጠየቃል? የክትባት ማቀዝቀዣ ጥገና ኃላፊነት ከኢተያ ጤና ኬላ እስከ ማዕከል

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው ደራን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይለወጥበታል። የሂጦሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ኢተያ በስንዴና በገብስ ማሳ የተከበበች የደጋ ከተማ ናት። ጭላሎና በዳ፣ ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች፣ የአካባቢውን ብርድና ውኃ ይወስናሉ። በዚህ አገር ላይ የሚወለድ ሕፃን በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንቱ ፔንታቫለንት ይከተባል፤ በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ይወስዳል። ክትባቱ ከፋብሪካ ወጥቶ የሕፃኑ ክንድ ወይም ጭን እስኪደርስ ድረስ በሁሉም ማረፊያው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። የመጨረሻዋ ማረፊያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንዲት ጤና ኬላ ጥግ የቆመች ፍሪጅ ናት።

ይህ ዳሰሳ የሚያነሳው ጥያቄ ስለዚያች ፍሪጅ ነው። ስትቆም መጀመሪያ የሚነካት ማን ነው? እርሱ ካልቻለ ለማን ያስተላልፋል? መለዋወጫውን ማን ይገዛል? የባለሙያውን ነዳጅና አበል ማን ይከፍላል? «ከእንግዲህ አትጠገንም» ብሎ የመወሰን ሥልጣንስ የማን ነው? ስለ ክትባት ስንነጋገር ስለ ሽፋን፣ ስለ ዘመቻና ስለ አቅርቦት ብዙ እንላለን። ስለ ጥገና ድርሻ ግን የምንነጋገረው ፍሪጁ ከቆመ በኋላ ነው። መልሱ ቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ እንዳለበት አምናለሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ማስረጃም ወደዚያው የሚያመራ ነው።

ሠራዊቶች ጥያቄውን እንዴት መለሱት?

የማቀዝቀዣ ጥገናን ሥራ በሥራ ዘርዝረው ለባለድርሻ ካከፋፈሉት መካከል ሠራዊቶች ይገኙበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በግንባር ያለ ጦር ሥጋውን፣ ደሙንና መድኃኒቱን የሚያኖርበት ማቀዝቀዣ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳል፣ ተጠቃሚው ወታደርም በየጊዜው ይቀየራል። ዕቃው ግን ማንም መጣ ማንም ሄደ መሥራት አለበት። ስለዚህ ዕውቀቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንዲቀር አልፈቀዱም።

የአሜሪካ ምድር ጦር ለእያንዳንዱ የማቀዝቀዣ ዓይነት በሚያወጣው የቴክኒክ መመሪያ መጨረሻ ላይ የጥገና ድርሻ ሰንጠረዥ ይገኛል። በአንድ በኩል የዕቃው ክፍሎች ይዘረዘራሉ፦ ኮምፕሬሰር፣ ኮንደንሰር፣ የአየር ማራገቢያ፣ የበር ላስቲክ፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የሚሠራው ሥራ ይጻፋል፦ መመርመር፣ መፈተሽ፣ ማጽዳት፣ ማስተካከል፣ መቀየር፣ መጠገን፣ ሙሉ በሙሉ ማደስ። ከዚያ ሥራው የየትኛው እርከን እንደሆነ፣ በሰዓት ስንት እንደሚወስድና የትኛውን መሣሪያ እንደሚጠይቅ ይመጣል። እርከኖቹ ለብዙ ዘመን አምስት ነበሩ፤ ተጠቃሚው ራሱ፣ የክፍሉ ጥገና ቡድን፣ ቀጥታ ድጋፍ ሰጪው፣ አጠቃላይ ድጋፍ ሰጪው እና ዋናው የጥገና ማዕከል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወደ ሁለት ተጠቃለዋል፤ በሜዳ የሚሠራና በማዕከል የሚሠራ። የክፍፍሉ መንፈስ ግን እንዳለ ነው።

ለመለዋወጫም የተለየ መለያ አለ። እያንዳንዱ ዕቃ በሚይዘው ኮድ ውስጥ ማን ሊቀይረው እንደሚችል፣ ማን ሊጠግነው እንደሚችል፣ ሲያልቅለት ደግሞ ማን ሊያስወግደው እንደተፈቀደለት በየፊደሉ ተለይቷል። የመጣል ሥልጣን እንኳ ባለቤት አለው።

የኢትዮጵያ ጦር ይህን ዓይነት አሠራር የሚያውቀው ከሩቅ አይደለም። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የመከላከያ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ የአሜሪካ መሣሪያና የአሜሪካ አሠልጣኝ አብረው ወደ አገር ገብተዋል። መሣሪያ ከመመሪያው ጋር መምጣት አለበት የሚለው ሐሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም።

ከዚህ ሰንጠረዥ ሦስት ቁም ነገሮችን እንውሰድ። አንደኛ፣ የሚከፋፈለው ዕቃው ሳይሆን ሥራው ነው፤ አንዷ ፍሪጅ በአራት እጆች ልትያዝ ትችላለች፣ የእያንዳንዱ እጅ ሥራ ከተለየ ግን ግጭት የለም። ሁለተኛ፣ ሰንጠረዡ ግዴታን እንደሚጽፍ ሁሉ ወሰንንም ይጽፋል። ተጠቃሚው ይህን ያድርግ ሲል እዚህ ላይ ያቁም ማለቱም ነው። ሦስተኛ፣ ኃላፊነት ከመሣሪያውና ከጊዜው ጋር ይሰጣል። መፍቻ ያልተሰጠው ሰው ለምን አልፈታህም ተብሎ አይጠየቅም።

ቴክኖሎጂው በተለወጠ ቁጥር ሥራው እጅ ይቀያይራል

በአገራችን የክትባት ማቀዝቀዣ ታሪክ ከፈንጣጣ ማግስት ይጀምራል። የመጨረሻው የኢትዮጵያ የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ያ ዘመቻ የተጠቀመበት ክትባት ደርቆ የተዘጋጀና ሙቀትን የሚችል ስለነበር እስከ ታችኛው የገጠር ጣቢያ ድረስ ማቀዝቀዣ መዘርጋት አላስፈለገም። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው የክትባት ማስፋፊያ ፕሮግራም ግን ሳንባ ነቀርሳን፣ ፖሊዮን፣ ዲፍቴሪያን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ኩፍኝን ለመከላከል የተነሳ ነበር። ክትባቶቹ ቅዝቃዜ ይሻሉ። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰባቸው ጣቢያዎች በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ተሰጣቸው።

የላምባ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር የለውም። ከታቹ የሚነድ ነበልባል በቧንቧው ውስጥ ያለውን አሞኒያ እያሞቀ ያዞረዋል። ታዲያ ሥራው ሁሉ የተጠቃሚው ነበር። ክሩን እኩል መቁረጥ፣ ነበልባሉን ሰማያዊ አድርጎ ማቆየት፣ የጭስ ማውጫውን ጥላሸት መጥረግ፣ ላምባውን ማጣራት፣ ፍሪጁ በተስተካከለ ወለል ላይ መቆሙን ማረጋገጥ። ክሩ ቢጨስ ፍሪጁ ይሞቃል፤ ነበልባሉ ቢበረታ ደግሞ በቀዝቃዛ ሌሊት ክትባቱ ይቀዘቅዝና በረዶ ይሠራል።

ቀጥሎ የመጣው ባትሪ ያለው ሶላር ፍሪጅ የተጠቃሚውን የየቀን ድካም ቀነሰ። ነገር ግን ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ያልቅለታል፤ አዲሱ ደግሞ ውድ ነው። ሥራው ከጤና ሠራተኛዋ እጅ ወጥቶ ወደ በጀት ያዡ ተሻገረ፤ ይህን ለበጀት ያዡ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ፍሪጁ ደህና ሆኖ ባትሪው ስለሞተ ብቻ የቆሙ መሣሪያዎች የበዙት በዚህ ነው።

ዛሬ በከተማ ጤና ጣቢያዎች የሚታየው በግድግዳው ውስጥ በረዶ የሚይዘው ፍሪጅ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ያህል መብራት ካገኘ ቀሪውን ጊዜ በያዘው በረዶ ይዘልቃል። የመስመሩ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠብቀው ስታቢላይዘሩ ነው። ከመስመር ውጭ ባሉ ጤና ኬላዎች ደግሞ ባትሪ የሌለው፣ የፀሐይን ኃይል በቀጥታ ወደ ኮምፕሬሰር የሚወስድ ሶላር ፍሪጅ እየገባ ነው። እዚህ ላይ ሥራው ወደ ጣሪያ ወጣ። በመኸር ጊዜ የስንዴ ውቂያ አቧራና ገለባ ፓነሉን ሲሸፍነው ፍሪጁ ይራባል። ከጎኑ የተተከለ ባሕር ዛፍ ካደገ በኋላ ጥላውን ቢጥልበትም እንዲሁ።

ጋዙም ተለውጧል። የኦዞንን ሽፋን የሚጎዱት የድሮ ጋዞች በሞንትሪያል ስምምነት ከገበያ ሲወጡ ብዙ አዳዲስ ፍሪጆች አይሶቡቴን ይዘው መጡ። አይሶቡቴን ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ በየከተማው የቤት ፍሪጅ የሚጠግን ባለሙያ የለመደውን መበየጃ ይዞ ቢቀርብ አደጋ ሊያደርስ ይችላል።

ከዚህ ታሪክ የሚታየው ቁም ነገር ይህ ነው፦ እያንዳንዱ አዲስ ፍሪጅ የጥገናን ሥራ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ አሸጋግሯል፣ የኃላፊነት ዝርዝሩ ግን አብሮ አልተጻፈም። የላምባ ዘመን ልማድ፣ ማለትም «ፍሪጁ የተጠቃሚው ነው» የሚለው፣ ተጠቃሚዋ ልትነካው በማይገባት መሣሪያ ላይም ቀጥሏል።

ጤና ኬላ፦ የመጀመሪያው እጅ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ፣ አንድ ጤና ኬላም ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ፍሪጅ ባለው ጤና ኬላ የመጀመሪያዋ ጠጋኝ ያቺው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እርሷ የምትሠራው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የሌላው ሁሉ መሠረት ነው።

ጠዋት በሩን ሳትከፍት በፊት ከፍሪጁ ውስጥ ያለውን የሙቀት መመዝገቢያ ታነባለች። መሣሪያው የ30 ቀን ታሪክ ይይዛል፤ ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ ለ10 ሰዓት ከቆየ፣ ወይም ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ሆኖ ለ60 ደቂቃ ከቆየ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያሳያል። ያነበበችውን በግድግዳው ላይ በተለጠፈው ቅጽ ትሞላለች፤ ማታም ትደግመዋለች። በረዶው ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ከወፈረ ክትባቱን ወደ ኮልድ ቦክስ፣ ማለትም በበረዶ ወደሚሞላ ሣጥን፣ አዛውራ ታቀልጠዋለች፤ በቢላ አትፍቀውም። የበሩን ላስቲክ ለመፈተን አንድ ወረቀት በበሩና በአካሉ መካከል አድርጋ ትዘጋና ትስባለች። ወረቀቱ ሳይያዝ በቀላሉ ከወጣ ላስቲኩ አይገጥምም፤ ቅዝቃዜው እየሾለከ ነው ማለት ነው። በየወሩ ከኋላ ያለውን ኮንደንሰር በለስላሳ ብሩሽ ታጸዳለች፤ አቧራ የለበሰ ኮንደንሰር ሙቀቱን ማውጣት ስለማይችል ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ንጽሕናው እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለው አይመስለኝም።

በአርሲ ደጋ አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት። ስለ ክትባት ፍሪጅ ስናስብ የምንፈራው ሙቀትን ነው። እንደ ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምችና የመንጋጋ ቆልፍ ያሉት ክትባቶች ግን በበረዶ የበለጠ ይጎዳሉ። በውስጣቸው ያለው የአሉሚንየም ጨው በረዶ ከሆነ በኋላ ይዘቅጣል፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው የሙቀት ምልክትም ቅዝቃዜን አያሳይም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያጸድቃቸው ፍሪጆች የሚሠሩበት ዝቅተኛ የክፍል ሙቀት ተለክቶ ይመዘገባል፤ ለአንዳንዶቹ 10 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በበዳ ግርጌ ያለ፣ እሳት የማይነድበት ክፍል ከዚያ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ለሂጦሳ ቆላማ ቀበሌ የሚስማማው ፍሪጅ ለደጋው ቀበሌ ላይስማማ ይችላል። ምርጫውን የሚያደርገው ሰው ደግሞ ጤና ኬላዋን አይቷት አያውቅም። የጥገና ችግር ከግዥ ቀን ሊጀምር እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው።

ወሰኗስ? ፊዩዝ መቀየር፣ ሶኬቱን ማየት፣ ፓነሉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የእርሷ ነው። ቴርሞስታቱን መፍታት፣ የኮምፕሬሰሩን ሽቦ መንካት፣ ጋዝ መሙላት የእርሷ አይደለም። ይህ ወሰን በፍሪጁ በር ላይ በአፋን ኦሮሞ በግልጽ ተጽፎ ሊለጠፍ ይገባል። የሥራ ቋንቋዋ እርሱ ነውና።

ክፍተቱ ያለው መሐል ላይ ነው

አምስት ያህል ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይታቀፋሉ፤ ጤና ጣቢያው 25,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላል። ከጤና ጣቢያው በላይ በኢተያ የሚገኘው የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ በአሰላ የሚገኘው የአርሲ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም የኦሮሚያ ጤና ቢሮ አለ። ክትባቱን ራሱ የሚያከማቸውና የሚያሰራጨው በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 በኤጀንሲነት የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው።

ወረቀት ላይ ሰንሰለቱ ሙሉ ነው። የጥገና ዕውቀቱ ግን ከላይና ከታች ይከማችና መሐሉ ይሳሳል። የባዮሜዲካል ባለሙያ በተለምዶ የሚመደበው በሆስፒታል፣ በክልል ቢሮና በማዕከል ነው። አሰላ ላይ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል የራሱ ባለሙያዎች ቢኖሩትም የማዋለጃ፣ የቀዶ ሕክምናና የላቦራቶሪ መሣሪያዎቹ ጊዜያቸውን ይሻማሉ። በወረዳ ደረጃ የክትባት አስተባባሪ አለ፤ እርሱ ግን የጤና ባለሙያ ነው፣ መፍቻ ይዞ የተማረ አይደለም። ስለዚህ የጤና ኬላዋ ሪፖርት ወደ ወረዳ ይደርሳል፤ ከወረዳ በኋላ መንገዱ በስልክና በትውውቅ ይሆናል። የሚያውቀው ባለሙያ ያለው አስተባባሪ ያስጠግናል። የሌለው ይጠብቃል።

ሁለተኛው ክፍተት ገንዘብ ነው። ጤና ጣቢያዎች ከሚሰበስቡት ክፍያ ላይ አስቀርተው መጠቀም ተፈቅዶላቸዋል። ጤና ኬላ ግን አገልግሎቱን በነፃ ስለሚሰጥ የሚያስቀረው ገቢ የለውም። የወረዳው መደበኛ በጀት ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ፍሪጁ በለጋሽ ገንዘብ ይመጣል፤ የበር ላስቲኩ፣ የባለሙያው አበልና የሞተር ሳይክሉ ቤንዚን ግን ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚወጣ አይታወቅም። ለአነስተኛ ገንዘብ ሲባል ትልቅ ንብረት ይቆማል።

ሦስተኛው ክፍተት የንብረት ሕጋችን ነው። ዕቃ ወደ መጋዘን ሲገባ በሞዴል 19፣ ለተጠቃሚ ሲሰጥ በሞዴል 22 ይፈረማል። ሥርዓቱ ንብረት እንዳይጠፋ ለመጠበቅ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለዚያም ጥሩ ነው። ሆኖም የሚነግረን ማን እንደተረከበ ነው፤ ማን እንደሚጠግን አይነግረንም። ፈርማ የወሰደች ሠራተኛ ዕቃው ቢጎድል ተጠያቂ እርሷ መሆኗን ስለምታውቅ ፍሪጁን ለጥገና ወደ ሌላ ቦታ ለመስደድ ትፈራለች። የማይጠገን የሆነውንም የማስወገድ ሂደቱ ረጅም ስለሆነ የሞተ ፍሪጅ ክፍሉን ይዞ ይቆማል፤ በቆጠራ ጊዜም «አንድ» ተብሎ ይመዘገባል። ጤና ኬላዋ ፍሪጅ እንዳላት ተደርጎ ስለሚታሰብ አዲስ አይደርሳትም። ሠራዊቱ የመጣል ሥልጣንን ለይቶ የሚሰጠው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስበት ነው።

አራተኛው በጤና ጣቢያው ግድግዳ ውስጥ ያለ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲንም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የክትባቱ ፍሪጅ የክትባት ክፍሉ ነው፤ መድኃኒቱ የማዋለጃ ክፍሉ ነው። ምልክት ተደርጎበት አብሮ ሊቀመጥ ይችላል። ድርሻው ካልተነገረ ግን ክትባቱን የሚጠብቀው ሰው «የእኔ አይደለም» ይላል፤ እናቲቱም ኃይሉን ያጣ መድኃኒት ይደርሳታል። የጥገና ድርሻ የፍሪጅ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ይህን ያስብበት።

አራት መልሶች በሚዛን

በዓለም ላይም በእኛም አገር ለዚህ ችግር የሚሰነዘሩት መልሶች በአራት ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው ሁሉንም ለተጠቃሚው ማስተማር ነው። ሥልጠና ርካሽ ነው፣ ወዲያውም ውጤት ያሳያል። ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቤተሰብ ምጣኔ፣ በወባ፣ በምግብ እጥረትና በቤት ለቤት ጉብኝት የተጨናነቀች ናት። ትዛወራለችም። ከእርሷ ጋር ዕውቀቱም ይሄዳል።

ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ቡድን ከክልል ወይም ከማዕከል መላክ ነው። ባለሙያው ብቁ ነው፣ መሣሪያው ሙሉ ነው። ነገር ግን ቡድኑ በመርሐ ግብር ይመጣል፤ ፍሪጅ ግን በመርሐ ግብር አይበላሽም። በክረምት ጭቃ መኪና የማይገባባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ተራቸው ሳይደርስ ያልፋል።

ሦስተኛው ለአቅራቢው ድርጅት መስጠት ነው። ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ማሻሻያ መርሐ ግብር፣ ኢትዮጵያም የታቀፈችበት፣ ከፍሪጁ ጋር ማጓጓዝን፣ ተከላንና የተጠቃሚ ሥልጠናን አንድ ላይ እንዲገዙ አድርጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ፍሪጅ በሣጥን ተኝቶ ወራት የሚያሳልፍበትን ጊዜ ያሳጥራል። ነገር ግን የዋስትናው ዘመን ያልቃል፣ ፍሪጁ ደግሞ 10 ዓመት እንዲያገለግል ይጠበቃል። ከዋስትናው በኋላ ያሉትን ዓመታት ማን እንደሚሸከም ውሉ አይመልስም።

አራተኛው መጠገንን ትቶ መተካት ነው። አዳዲሶቹ ፍሪጆች ክትባቱን በራሳቸው ከበረዶ የሚጠብቁ፣ ብዙም የማይበላሹ ስለሆኑ ክርክሩ ሚዛን አለው። ለላምባ ፍሪጅ መልሱ በእርግጥ መተካት ነው። ይሁን እንጂ አዲሱም አቧራ ይጠጣል፣ ላስቲኩም ይደርቃል። የኮቪድ ክትባት በየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ በኋላም ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ የሚሹ ክትባቶች ሲመጡ አገሪቱ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎችን አግኝታለች። የመሣሪያው ቁጥር በጨመረ ቁጥር የጥገናው ሸክም አብሮ ይጨምራል።

አራቱም መልሶች ከፊል እውነት አላቸው። ስሕተታቸው አንዱ መልስ ብቻውን ይበቃል ማለታቸው ነው። ተጠቃሚዋ የየቀኑን ካልሠራች ቡድኑ ምንም ያህል ቢመላለስ ትርፍ የለውም። ቡድኑ ከሌለ የተጠቃሚዋ ጥረት ኮምፕሬሰሩ ጋ ያቆማል። መተካት ደግሞ የሞተውን የሚለይ ባለሥልጣን ይፈልጋል። አንዱ የሚያልቅበትና ሌላው የሚጀምርበት ቦታ ካልተጻፈ አራቱም ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ አይያያዙም።

ሂጦሳ ራሷ ያሳየችው

የተለየ አገር ምሳሌ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ሂጦሳ በጥገና ድርሻ ረገድ ስሟ የሚነሳ ወረዳ ናት። በ1980ዎቹ በግብረ ሰናይ ድርጅቱ ወተርኤይድ ድጋፍና በነዋሪው ጉልበት ከበዳ ተራራ ምንጮች ውኃን ያለ ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ኃይል ብቻ፣ ወደ ብዙ ቀበሌዎችና ወደ ከተሞች የሚያወርድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር ተዘረጋ። መስመሩ ሲጠናቀቅ አስተዳደሩ ከተጠቃሚው በተመረጠ የውኃ ቦርድ እጅ ገባ። ቦርዱ ከውኃ ሽያጭ ገቢ ይሰበስባል፣ ከገቢው ለጥገና ሠራተኞች ይከፍላል፣ የቦኖው ጠባቂ፣ የመስመሩ ጠጋኝና ቦርዱ የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ውኃ ከፍሪጅ ይቀላል የሚል አይደለም። በዚያ መስመር ላይ ገንዘቡ፣ ሥራውና ሥልጣኑ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ለጠጋኙ የሚከፍለው አካልና ከጠጋኙ ሥራ የሚጠብቀው አካል አንድ ነው። በክትባት ፍሪጅ ላይ ግን ፍሪጁን የሚሰጠው ለጋሽ፣ ክትባቱን የሚያመጣው አቅራቢው፣ ሠራተኛዋን የሚቀጥረው ወረዳ፣ ባለሙያውን የሚይዘው ክልል ነው። አራቱን የሚያገናኝ ወረቀት የለም።

መጻፍ ያለበት አንድ ገጽ

ለሂጦሳ፣ ከዚያም ለአርሲ ዞን ወረዳዎች ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው። የፍሪጁ የጥገና ሥራ በአራት እርከን ይከፈላል።

የመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላ ነው። ሙቀቱን በቀን ሁለት ጊዜ መመዝገብ፣ ማጽዳት፣ በረዶ ማቅለጥ፣ ላስቲክ መፈተን፣ ፓነል መጥረግ፣ ፊዩዝ መቀየር። ማስጠንቀቂያው ከታየ ደግሞ ክትባቱን በዚያው ቀን ወደ ኮልድ ቦክስ ማዛወር። ጥሩ ኮልድ ቦክስ በአግባቡ በበረዶ ከተሞላ ከሁለት እስከ አራት ቀን ስለሚይዝ ለባለሙያው ጊዜ ይገዛል።

ሁለተኛው ጤና ጣቢያ ነው። ገቢ የሚያስቀረው እርሱ በመሆኑ በሥሩ ላሉት ጤና ኬላዎች የትራንስፖርትና የትናንሽ ዕቃዎች ወጪ የእርሱ ይሁን፤ በዓመታዊ ዕቅዱም በርዕስ ይቀመጥ። በወር አንድ ጊዜ የሚደረገው የድጋፍ ጉብኝት የሙቀት ቅጹን ማየትን ግዴታ ያድርግ።

ሦስተኛው፣ ዛሬ የሚጎድለው፣ ወረዳና ዞን ናቸው። አንድ ወረዳ ለብቻው ባለሙያ ለመቅጠር አቅም ላይኖረው ይችላል፤ ሂጦሳን ጨምሮ አጎራባች ወረዳዎች ግን በጋራ አንድ የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን ቢይዙ ሥራም ደመወዝም ይመጣጠናል። ቴርሞስታት፣ ማራገቢያ፣ ስታቢላይዘርና የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ መቀየር የእርሱ ሥራ ነው። መለዋወጫው በአሰላ ይከማች። ከጥሪ እስከ መድረስ የሚፈቀደው ጊዜ ከኮልድ ቦክሱ ዕድሜ እንዳይበልጥ ተደርጎ ይወሰን።

አራተኛው ክልልና ማዕከል ናቸው። ተቀጣጣይ ጋዝ ያለበት ሥራ፣ ኮምፕሬሰር መቀየርና ለደጋ የሚስማማውን ሞዴል መምረጥ የእነርሱ ነው። የማይጠገነውን ከመዝገብ የማውጣት ሥልጣንም ከዞን ተወካይ ጋር ሆነው በተወሰነ ቀን ውስጥ ይጠቀሙበት።

ይህን መጻፍ የውጭ ዕርዳታ አይጠይቅም፤ አዲስ መሥሪያ ቤትም አያሻም። የዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የወረዳው ጤናና ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች እና የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል ክፍል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ይበቃል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ለእያንዳንዱ መስመር የሥራ መደብና የበጀት ርዕስ መስጠት። ያለ በጀት የተሰጠ ኃላፊነት ሠራተኛዋን ብቻዋን ተወቃሽ ያደርጋታል፤ ያለ ኃላፊነት የተመደበ በጀት ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ይመለሳል።

ኢትዮጵያ በዚህ ሃያ ዓመት ውስጥ ወደ ገጠር ጤና ኬላ ያስገባችው የክትባት ዓይነት በእጅጉ ጨምሯል፤ ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች፣ ሮታ፣ ኤችፒቪ አንድ በአንድ ደርሰዋል። እያንዳንዱን ለማምጣት የተከፈለው ድካምና ገንዘብ ብዙ ነው። ያ ሁሉ ድካም በመጨረሻ የሚያርፈው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው በግልጽ ያልተጻፈበት ፍሪጅ ላይ ከሆነ፣ ሕፃኑ ተከትቧል ብለን የምንመዘግበው ቁጥር መከላከያ ማግኘቱን አያረጋግጥልንም። የአርሲ ወረዳዎች በጀታቸውን ሲያጸድቁ የፍሪጁ ጥገና የማን እንደሆነ በስምና በብር ቢጽፉ፣ ለክትባት ካወጡት ገንዘብ ሁሉ ትንሹን አውጥተው ትልቁን ያተርፋሉ።